የትንፋሽ ወንፈል

ጠያቂ በየማለዳው አርባ ሁለት ሰዎችን እንዴት አደራችሁ ይላል፤ አርባ ሁለቱም እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን ብለው ይመልሳሉ። ጠያቂም መዝገቡ ላይ አርባ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ አስፍሮ ዝም ይላል። ትርሲት ቢሮዋ ስትገባ መጀመሪያ ነጥቦቹን ታያለች፤ ቀጥላ የሳንባ ምርመራውን ውጤት ታያለች። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። በነጥቦቹ መሠረት ሁሉም ሕክምናቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። በምርመራው መሠረት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቁልቁል እየሄዱ ነው።

ጠያቂ ሰው አይደለም። ላንጋኖ ሐይቅ ላይ በምሰሶ በቆመችው ከተማ፣ ከትንፋሽ ምርምር ጣቢያው ምድር ቤት የተቀመጠ፣ ትርሲት የምትቆጣጠረው አሳቢ ማሽን ነው። የታመመን መጠየቅ ደንብ ስለሆነ በዚያው ስም ጠሩት። የሚጠይቃቸው ሰዎች ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸው አዋቂዎች ናቸው። ከወላጆች የሚወረስ፣ አክታን እንደ ሙጫ አወፍሮ ሳንባ ውስጥ የሚያጣብቅ ሕመም ነው። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መርፌ ከተገኘ ቆይቷል፤ የእነዚህ የአርባ ሁለቱ ሰውነት ግን መርፌውን እምቢ አለ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ይታከማሉ። ጠዋት አርባ ደቂቃ፣ ማታ አርባ ደቂቃ የጨው ጉም እየማጉ ደላቂ ሰደርያ ይለብሳሉ። ደላቂ ሰደርያ እንደ እናት እጅ ጀርባና ደረትን እየመታ አክታውን የሚያላቅቅ ልብስ ነው፤ የለባሹን ትንፋሽ አዳምጦ በዚያው ልክ ይመታል። የአስታማሚንና የለባሹን ድምፅ የሚያመላልስ ትንሽ ድምፅ ማጉያም አለው። ሁሉ የተሟላለት ልብስ ነው፣ የሚለብሰው ሰው ከተገኘ።

ሰማንያ ደቂቃ በቀን፣ ለደህናውም ለክፉውም ቀን፣ እስከ ዕድሜ ልክ። ጥርሱን መፋቅ የሚሰለቸው ሰው አይፍረድባቸው።

ከሁሉም ይልቅ ትርሲትን ያስጨነቋት ጋሽ ዘውገ አበጋዝ ነበሩ። ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከአርባ ሁለቱ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን የገመድ ታክሲ ሠላሳ ዓመት ነድተው፣ ታክሲዎቹ ያለ ሹፌር መሄድ ሲጀምሩ ጡረታ ወጡ። በጠያቂ መዝገብ አንድ ቀን እንኳ ሕክምና አላጓደሉም። ሰደርያቸው የሚልከው ትንፋሽም ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ አክታ ያልጎበኘው ነው፤ ትርሲት እንዲያውም በወሩ ስብሰባ ላይ እንደ አርአያ አቅርባው ነበር። የሳንባ አቅማቸው ግን ከመቶ ሠላሳ አራት ደርሷል። ሠላሳ የገባ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዝግ ክፍል ይተኛል፣ በማሽን ይተነፍሳል። ከዚያ ክፍል ወደ ቤቱ የተመለሰ እስከ ዛሬ የለም። ይህን ትርሲትም ታውቃለች፣ ጋሽ ዘውገም ያውቃሉ።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር በላይነሽ መፍትሔው ቀላል ነው አሉ፤ ጠያቂ ብዙ ይጠይቅ። ስንት ደቂቃ ለበሱ፣ ስንት ጊዜ አሳለዎት፣ አክታው ምን ይመስላል እያለ ያጣራ። ትርሲት አዲሶቹን ጥያቄዎች ጽፋ ረቡዕ ዕለት ልትጭን ስትሄድ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ዶክተሯን አገኘቻቸው። እንዴት አደርሽ አሏት። ከሁለት ቀን በፊት የተነሳባት የጥርስ ሕመም ጉንጯን እንደ ዳቦ ነፍቶታል፤ ሌሊቱን ዓይኗን አልከደነችም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና» አለች።

ከአሳንሰሩ ወርዳ ባለችበት ቆመች። ጠያቂ ስንት ቋንቋ ሲያውቅ ይህችን አላወቀም። በዚህ አገር እንዴት አደርክ ለሚል የመጀመሪያው መልስ ምስጋና ነው። ሕመሙ የሚወራው ከተቀመጡ በኋላ ነው፤ ያውም ለሚቀርቡት ሰው። ማሽኑ ግን በመጀመሪያው መልስ ላይ ነጥቡን አስፍሮ ይሄዳል፤ ምንም ቢጠይቅ ከአፍ የሚወጣለት ይኸው ነው። ይህን ስታስብ ጥርሷ ይጠዘጥዛታል፤ እጇ ደግሞ ሥራውን ቀጥሏል። በዚያ መሃል ነው የሁለት ሰደርያዎችን የአድራሻ መስመር ያቀያየረችው። የአንዱ ሰው ትንፋሽና ድምፅ ወደ ሌላው ሰደርያ መሄድ ጀመረ፣ የሌላውም ወደዚህ። ትርሲት አላወቀችም፤ ጥርሷን ልታስነቅል ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ዘውገ እንደ ልማዳቸው ሰደርያውን ለሻምበል አለበሱ። ሻምበል ወፍራምና ሰነፍ ውሻ ነው፤ ጀርባውን መደለቅ ይወዳል። ጠያቂ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ እንዴት አደሩ ሲላቸው ይመስገን አሉ። አዲሱን ጥያቄ አስከትሎ ሰደርያው ተለብሷል ወይ ቢላቸው ተለብሷል አሉ፤ ውሸት አልነበረም። ከዚያ ቂንጬያቸውን አቅርበው ተቀመጡ። ቂንጬው ሲያዩት አማራቸው እንጂ ሁለት ማንኪያ እንኳ ለመዋጥ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር።

በዚህ ጊዜ ከሻምበል ጀርባ የሴት ድምፅ ወጣ።

«አቦ፣ ማነህ አንተ? ተራራ እየወጣህ ነው እንዴ?»

ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ሻምበል ዞሮ የገዛ ጀርባውን ጮኸበት። ድምፁም «ውሻ ነው እንዴ የሚተነፍስልኝ?» አለ። ጋሽ ዘውገ ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ከሆድ እየተነሳ፣ እየተጎተተ፣ ጠረጴዛውን እስኪይዙ ድረስ አንገላታቸው።

«ይሄን ሳል አውቀዋለሁ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። ቀጥሎ እሷም ሳለች።

ጋሽ ዘውገ መቀመጫቸው ላይ ደርቀው ቀሩ። ይህ ሕመም ያለባቸው ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፤ በአንዱ ሳንባ የተላመደ ተሐዋሲ ለሌላው ሞት ነው። ስለዚህ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ያንን ሳል ከራሳቸው ደረት በቀር ከማንም ደረት ሰምተውት አያውቁም። አሁን ሲሰሙት ወንበራቸውን ወደ ሻምበል አስጠጉ።

ኢክራም እባላለሁ፣ ድሬዳዋ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው አለች። ሰደርያዋ ዛሬ አብዶ በራሷ ትንፋሽ መምታቱን ትቷል። ጋሽ ዘውገም ስማቸውንና ከተማቸውን ነገሯት። በልጅ አንተ መባላቸው ሊያስቆጣቸው ሲል፣ ድሬዎች ንጉሥም ቢመጣባቸው አንተ እንደሚሉ ትዝ አላቸውና ተዉት።

«እና ለምንድነው አንተ ያልለበስከው?» አለቻቸው።

ለጠያቂ ቢሆን መልሱ አፋቸው ላይ ነው። ይህን ሳል ለምትስል ሰው ግን ምን ይባላል? ደክሞኝ ነው ሊሉ ጀምረው አልጨረሱትም። ሰለቸኝ፣ ለማን ብዬ፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ የሚለውም ቃል አልወጣ አላቸው።

«ስማኝ» አለች ኢክራም። «ሳንባዬ ውስጥ አዲስ ተሐዋሲ ገብቶብኛል። ሰደርያዬ ደግሞ ባንተ ትንፋሽ ካልሆነ አልሠራም ብሏል። አንተ ካልለበስክ እኔ አክታዬን የማወጣበት መንገድ የለኝም። የውሻህ ትንፋሽ አይሆነኝም።»

ጋሽ ዘውገ ተነስተው ሰደርያውን ከሻምበል ላይ አወለቁ። ሻምበል አኩርፎ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ልብሱ የውሻ ጸጉር በጸጉር ሆኗል፤ እንዲያው አራግፈው ለበሱት፣ የጨው ጉሙን መሣሪያ ከሦስት ወር በኋላ አፋቸው ላይ አደረጉ። የማያውቋት ሴት ትንፋሽ ጀርባቸው ላይ ዱብ፣ ዱብ ማለት ጀመረ። ረዥምና የማይቸኩል ነበር። እሳቸውም በዚያው ልክ ለመተንፈስ ታገሉ፤ ትንፋሻቸው ድሬዳዋ ላይ የሰው ጀርባ እየመታ መሆኑን ማሰቡ ብቻ ቀጥ አድርጎ አስቀመጣቸው። ሃያ ደቂቃ ላይ በቃኝ አሉ። ቀጥል አለቻቸው። አርባው ሲሞላ ሦስት ወር ደረታቸው ውስጥ የከረመውን ነገር ሳህን ላይ ተፍተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ የቀዘቀዘውን ቂንጬ አንድም ሳያስተርፉ በሉት።

በአያቴ አገር ይህ ወንፈል ይባላል አሏት በማግስቱ። ዛሬ አንተ የኔን ታርሳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አርሳለሁ። የሰውን ጉልበት በልቶ ሳይመልስ የቀረ ገበሬ፣ ቀና ብሎ ሰው አያይም። ኢክራም ቃሉን ሰምታው አታውቅም ነበር። ወደደችውና ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን «ወንፈል!» እያለች ትጣራ ጀመር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም እንዲሁ።

በሳምንቱ ትርሲት መዝገቡን ከፍታ ደነገጠች። ያ የጋሽ ዘውገ አርአያ ትንፋሽ ጠፍቷል። በምትኩ የመጣው ከባድ፣ የሚንኮራኮር፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ ነው። ሰውዬው እየሞቱ መሰላት። ጭምብሏን አጥልቃ በመጀመሪያው የገመድ ታክሲ ሄደች። በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ነበሩ፤ ሰደርያውን ለብሰዋል፣ ጨው ጨው ይሸታሉ፣ ፊታቸው ላይ ደም አለ። ሻምበል እግራቸው ሥር ቆሞ ያለከልካል። ትርሲት ውሻውን አየች፣ ከዚያ ሰደርያው ላይ የተጣበቀውን ጸጉር አየች፣ ከዚያ እንደገና ወደ ውሻው ተመለሰች።

ጋሽ ዘውገ ሁሉንም ነገር ተናዘዙ። ትርሲት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እስኪያማት ሳቀች፤ ጣቢያው በሙሉ ያጨበጨበው ለሻምበል ሳንባ ነበርና። ሳቋ ሲያልቅ ማልቀስ አማራት። ለካ ሦስት ወር ሙሉ እኚህ ሰው እየሰመጡ፣ እሷ አረንጓዴ ነጥብ ትቆጥር ነበር። መለኪያውን አውጥታ እንዲነፉ ሰጠቻቸው። ሠላሳ ስድስት አለ። በአንድ ሳምንት ሁለት ነጥብ ከፍ ብለዋል።

ወደ ጣቢያው ተመልሳ የገዛ ስህተቷን አገኘችው፤ ሄዳም ለዶክተር በላይነሽ ነገረቻቸው። ዶክተሯ አልተቆጡም። ዛሬውኑ ለያዪያቸው ብቻ አሉ። የሰው ሕክምና በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም፤ ሰውዬው አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥላቸው ልጅቷ ትታፈናለች። ትርሲትም እውነት ነው አለች። መስመሮቹን ልታስተካክል ቁጭ አለች፤ አስቀድማ ግን የኢክራምን ሰደርያ መዝገብ ከፈተች።

እያንዳንዱ ሰደርያ በግራ ብብቱ ሥር ማንም የማያስታውሳት አንዲት ቁልፍ አለችው። ግንኙነት ሲበላሽ እሷን የተጫነ ሰው ሰደርያው ያለማንም እገዛ በራሱ ትንፋሽ ይመታለታል፤ ድምፁ ግን አይቋረጥም። ኢክራም በመጀመሪያው ጠዋት፣ ያ የውሻ ትንፋሽ እንደመጣባት ቁልፏን ተጭናለች። ሰደርያዋ ለአራት ደቂቃ ያለአንዳች እንከን ሠርቷል። ከዚያ የጋሽ ዘውገ ሳል ተመዝግቧል። ከሳሉ በኋላ ኢክራም ቁልፏን መልሳ ተጭና፣ ሰደርያዋን በገዛ እጇ ወደ ብልሽቱ መልሳዋለች። አዲስ ተሐዋሲ የሚባለውም ነገር በምርመራዋ ላይ የለም።

ትርሲት ደወለችላት። ከሰላምታውና ከምስጋናው በኋላ ዝም ብላ ጠበቀች፤ ይህን አሁን ተምራለች። ኢክራም ቶሎ ገባት።

«ዋሽቼዋለሁ» አለች። «ምን ላድርግ? ለጠያቂ ይመስገን ይለዋል፣ እኔ ግን ሳሉን ሰማሁት። ለራስህ ስትል ልበስ ብለው፣ በማግስቱ ውሻው ላይ ነው የሚሰቅለው። ለራሱ ሲል ሃምሳ ዓመት ሞክሮ ደከመው። ለሰው ሲል ግን ይኸው ከኔ ቀድሞ ይነሳል።»

ትርሲት አንቺስ አለቻት።

«እኔም ጎበዝ አልነበርኩም። ትንሽ ሆኜ እናቴ ነበረች በእጇ የምትደልቀኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ብለብስ ነው። አሁን አንድ ሽማግሌ ድሮ ታክሲ እንዴት እንደሚነዳ እያወራ ይመታኛል፤ አንድም ቀን አልቀረሁም። አቦ፣ አትንገሪው። ብቻዋን ትችላለች ካልሽው ይተወዋል፣ ከተወው ይሞትብኛል።»

መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። ትርሲት ስልኩን ዘጋች። ከዚያ መዝገቡን ይዛ ወደ ዶክተር በላይነሽ ተመለሰች። ቁልፏ ስላለች ማንም አይታፈንም አለቻቸው። ጠያቂ በሦስት ዓመት ያላገኘውን ሁለት ነጥብ፣ አንድ ውሸት በሳምንት አግኝቶታል። የቀሩትንም ሁለት ሁለት አድርገን እናጣምራቸው አለች። ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ሁሉም ሰው ስለ ቁልፏ ተነግሮት፣ ወዶ ከገባ ይግባ አሉ። ጋሽ ዘውገስ ብላ ጠየቀቻቸው። «የእሳቸውን እኔ አልሰማሁም» አሉ።

የቀሩትን አርባ ሰዎች ጠያቂ አልጠየቃቸውም። ትርሲት ለእያንዳንዳቸው ራሷ ደወለች። ይመስገን እስኪሏት ጠበቀች፣ ከዚያም እስኪቀመጡ ጠበቀች፣ እንደገናም እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ አለች። አንድ የጎንደር መምህር ሃያ ደቂቃ ካወራት በኋላ፣ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም አላት። ሰደርያውን ለበጉ የሚያለብስ ነበር፤ አንዷ ደግሞ የባሏን ወንድም ስታለብስ ኖራለች። አራቱ ተዉን አሉ፣ ተተዉ። ሠላሳ ስድስቱ ገቡ። ሰደርያው ብቻውን እንደሚሠራ ሁሉም ተነግሯቸዋል፤ ያም ሆኖ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ከአሶሳ እስከ ጅግጅጋ እየተጠራሩ ይነሱ ጀመር። የታመመ ሰው ቢያንስ ለስድብ ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ አንተ ሰነፍ ተነስ የሚል ማሽን እስካሁን አልተሠራም።

በዓመቱ የምርመራ ቀን ደረሰ። ከወንፈሎቹ ዝግ ክፍል የገባ አንድም ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንዱ ሳንባቸው ተሻሽሏል፣ የቀሩት ባሉበት ጸንተዋል። ጋሽ ዘውገ ከሁሉም ታላቅ ስለሆኑ መጨረሻ ላይ ተመረመሩ። አዲስ ኮት ለብሰው መጡ፤ ኢክራም ሰፍታ የላከችው ነው፣ ትከሻው ላይ ትንሽ ይሰፋል። ቱቦውን ይዘው ነፉ። ቁጥሩ ሠላሳን አለፈ፣ አርባን አለፈ፣ አርባ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ የኢክራም እልልታ ከድሬዳዋ ተለቀቀ፤ እልልታዋ እንዲያ ረዝሞ ያለ ሳል ማለቁን ልብ ያለችው ትርሲት ብቻ ናት። «ሃምሳ ሳይሞላ ምን ያስጨበጭባችኋል» አለች ኢክራም ትንፋሽ ሰብስባ፣ እንደገናም አቀለጠችው። ዶክተር በላይነሽ ሳይቀሩ እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

ትርሲት ጋሽ ዘውገን እስከ ገመድ ታክሲው ሸኘቻቸው። ከሐይቁ ነፋስ እየመጣ ነው፤ ድሮ ይህን ደረጃ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ይቀመጡ ነበር፣ ዛሬ እያወሩ ወጡት። ትርሲትን ግን ዓመት ሙሉ የደበቀቻቸው የኢክራም ውሸት በዚህ ቀን ከብዷታል። ለመናገር አፏን ስትከፍት እሳቸው ቀደሟት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ» አሉ። የግራ ክንዳቸውን አንስተው ብብታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ያቺን ቁልፍ ያገኘኋት በመጀመሪያው ማታ ነው። ሠላሳ ዓመት ገመድ ላይ የኖረ ሹፌር የእጅ ፍሬኑን ሳያይ አይሳፈርም። የኔ ሰደርያ ካላት የእሷም አላት። ያለኔም ይሠራላታል።»

ትርሲት ታዲያ ለምን ቀጠሉ አለቻቸው።

«አንዲት የማታውቀኝ ልጅ እኔን ለማኖር ብላ በየጠዋቱ ትዋሻለች። ሰው አንቺን ለማኖር ይህን ያህል ሲቸገር፣ ብትሞቺ ነውር አይሆንም?»

ታክሲው ደረሰ። ጋሽ ዘውገ ኮታቸውን ቆልፈው ገቡ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ልግባ፣ ልጅቷ ትጠብቀኛለች አሉ። ለኢክራም አደራ እንዳትነግሪ ብለው ደግመው በመስኮቱ አስጠነቀቋት። ከዚያ ታክሲው ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ።

ትርሲት ቢሮዋ ተመልሳ የዓመቱን ሪፖርት ከፈተች። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ባለፈው ዓመት የተመዘገበው የመስመር መቀያየር ብልሽት አሁንም አለ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። አለ ብላ ጻፈች። ከሥሩም ጨመረችበት፦ እንዳይነካ።